ጠባሳ ፍለጋ

እማማ ፈንታዬ የልጃቸውን አገጭ ወደ መስኮቱ አዙረው አንገቱን ዳሰሱ። ከጆሮው ሥር ጀምረው እስከ ማጅራቱ፣ ከማጅራቱ ወደ ጉሮሮው። ጣታቸው የፈለገውን አላገኘም።

ከዛሪማ ወደ ልጃቸው ቤት ሲነሡ ለራሳቸው ቃል ገብተው ነበር፤ የተሰፋ ጉንጭ፣ የተጣመመ ከንፈር ቢያዩም ላያለቅሱ። ምላሱ ላይ ካንሰር ተገኘ፣ ሕንድ አገር ሄዶ ወጣለት ነው የተባሉት። ልጃቸው ይበልጣል ግን ከመክሳቱ በቀር ፊቱ እንደ ሄደበት ነው። የመርፌ ጭረት እንኳ የለበትም።

“ሕንድ ድረስ ሄዶ ጢሙን ተላጭቶ መጣ” አሉ አብረዋቸው የመጡት ወንድማቸው፣ አያ ወልደ ገብርኤል። “ይኸንንማ እዚሁ አዘዞ ይላጩት ነበር።”

ይበልጣል በአፍንጫው ሳቀ። እናቱ አልሳቁም።

ሐኪሞቹ ለጊዜው ብዙ እንዳይናገር ስላዘዙት ስልኩ ላይ ጻፈና ለሚስቱ ለኤሌኒ ሰጣት።

“‘እማ፣ ሸጋ ነኝ፤ ወጥቶልኛል’ ይላል” ብላ አነበበች።

እማማ ፈንታዬ ማንበብ አይችሉም። ባላቸው የሞተ ዕለትም ጎረቤቶች “ሻል ብሎታል” ብለው ነበር ከገበያ የመለሷቸው፤ ደጃፉ ላይ የተሰበሰበውን ሰው እስኪያዩ ድረስ አምነው ነበር። ሰው ሲራራ እንዴት እንደሚዋሽ ያውቃሉ።

“ልጄ” አሏት ኤሌኒን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “አይድንም ብለው ሳይነኩት መልሰውት እንደሆን ንገሪኝ። እኔ እችለዋለሁ።”

“ኧረ በአፉ ገብተው ነው እማማ። እንደ እርሳስ የቀጠነ የማሽን እጅ አለ፤ ሐኪሙ እዚያው ክፍል ተቀምጦ ያዘዋል። ውጭውን አልቀደዱትም።”

“በአፉ?”

“በአፉ።”

“የማሽን እጅ…” አሉ አያ ወልደ ገብርኤል። ሊቀልዱ ጀምረው ተዉት።

እማማ ፈንታዬ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ኤሌኒ ደግ ልጅ ናት፤ ያላመኗትም ለዚሁ ነው።

ይበልጣል ተነሣ። የስልኩን መብራት አበራና በእናቱ መዳፍ ላይ አኖረው። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ አፉን ከፈተላቸው።

መብራቱ መጀመሪያ አፍንጫውን፣ ከዚያ ጥርሱን አገኘ። ኤሌኒ ክንዳቸውን ደገፈቻቸው። ምላሱ ወደ ኋላ፣ በግራ በኩል፣ ጎድሏል። የጎደለው ላይ ቀላ ያለ አዲስ ሥጋ ከዳር ወደ መሀል እየሞላ ነው።

ብዙ ቆዩ። ይበልጣል ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ አፉን ግን አልዘጋም።

“ቆርጠውታል” አሉ እማማ ፈንታዬ፣ የምሥራች እንደሚነግር ሰው። “በል ክደነው፤ ብርድ ይገባዋል።”

ዘጋው። አገጩን መልሰው ያዙት።

“እስቲ አንዴ ብቻ።”

ደግሞ ከፈተላቸው። አሁን መብራቱን ራሳቸው ቀጥ አድርገው ያዙት። ጥርሱን፣ ላንቃውን፣ የጎደለውን ቦታ ተራ በተራ አዩ፤ ገና ጥርስ ሲያበቅል ያዩት እንደነበረው።

ይበልጣል አፉን ገጠመ። ምራቁን ቀስ ብሎ፣ በጥንቃቄ ዋጠና በከበደ ድምፅ ተናገረ።

“እማ፣ አንቺም ዝጊው።”

የእማማ ፈንታዬ የራሳቸው አፍ፣ ሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው፣ እስካሁን ተከፍቶ ነበር።