ዴሊቨሪ በነፃ

በቴሌግራም የልጆች ጫማ የምትሸጠው ሴት ደንበኞቿ እያለቁባት ነው። ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ቀለም ያስመርጧታል፣ ቁጥር ያስለኳታል፤ መጨረሻ ላይ «ዴሊቨሪ በነፃ ነው?» ይላሉ። አይደለም ካለቻቸው ድምፃቸውን ያጠፋሉ። የሚሄዱት «ፍልቅልቅ» ወደሚባለው ቻናል ነው። ጫማው ያው፣ ዋጋው ያው፣ ዴሊቨሪው ግን በነፃ!

የእሷን ዕቃ በሞተር የሚያደርስላት ባሏ ነው። «እኛስ ነፃ ብናደርገው?» ብትለው ቱግ አለ።

«ነዳጅ እንዴት እንደምቀዳ አታውቂም? ግማሽ ቀን ተሰልፌ እኮ ነው! በነፃማ አይታሰብም።»

ማታ ማታ ድክም ብሎት ሲገባ እያየች እንዴት ታስገድደው?

ግን እነዚያ እንዴት ቻሉት? ነገሩ ሲከነክናት ጊዜ ፀጉር ሠሪዋን ፌቨንን ለመነቻትና በፌቨን ስልክ ከ«ፍልቅልቅ» አንድ ጫማ አዘዙ። ያመጣውን ሰው ጠይቀው ምስጢሩን ሊያወጡት ነው።

በማግስቱ ሴትየዋ ፌቨን ፀጉር ቤት ውስጥ ፀጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሎ መስታወት ፊት እንደተቀመጠች፣ ሞተር መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ፌቨን ወጥታ ካርቶኑን ተቀበለች።

«ዴሊቨሪው የምር ነፃ ነው? ታዲያ አንተ ምን ትጠቀማለህ?» አለችው።

ሰውየው ሄልሜቱን አወለቀ። ሴትየዋ አንገቷን ሳታዞር በመስታወቱ ውስጥ አየችው። ባሏ ነው። እንዲህ ዘና ብሎ ሲስቅ ካየችው ቆይታለች።

«ፍልቅልቅ የባለቤቴ ነው» አለ። «የገዛ ሚስቴን ላስከፍል እንዴ?»