ቴክ አይቻልም

ጋትዌች የሽሮውን ክዳን አነሳና ከመጨለፉ በፊት ጭልፋውን አገላብጦ አየው። ከጥብሱ ትሪ የመጣ እንዳይሆን ነው። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ የያዘውም ሳህን የራሱ አይደለም።

ኮከብና እናቷ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ያዩታል። እናቷን ቤተሰቡ በሙሉ እሙዬ ይላታል። ከደሴ ጋምቤላ ድረስ በመኪና ስትንገላታ የመጣችው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ነርሷ ልጇ አገባዋለሁ ያለችውን ሰው ለማየት። ገና ከመኪና ስትወርድ ተናግራለች፦ «ሰው የሚታወቀው ማዕድ ላይ ነው። አብሬው ሳልበላ ሽማግሌ ላክ አልለውም።»

ስለዚህ ኮከብ ቡፌ ያለበትን ቤት መረጠች። የጾሙ በአንድ ወገን፣ የፍስኩ በሌላ ወገን ተደርድሯል፤ ማንም በማንም አይቸገርም። ጋትዌች ከሚሠራበት ከኩሌ የስደተኞች መጠለያ ደውሎ «ሻይ ብንጋብዛቸው አይሻልም?» ሲላት ዓይን አፋርነቱ መስሏት ስቃ ዘጋችበት።

ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ መጥቶ እሙዬ ፊት አኖረው።

«እማማ፣ ይሄ ሁሉ ጾም ነው። ዓሣውን ተውኩት። እዚህ አንዳንዱ በጾም ይበላዋል፣ አንዳንዱ አይበላም።»

«እኔ አልበላም። ደግ አደረግህ» አለች እሙዬ፤ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን በዓይኗ ቆጣጠረች። ኮከብ ትንፋሿ መለስ አለ።

ጋትዌች ግን ተመልሶ አልሄደም። የታሸገ ውኃ ከፍቶ ተቀመጠ።

«ያንተስ?»

«እኔ ውኃ ይበቃኛል።»

«ውኃ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ምሳ የሆነው?»

ኮከብ በጠረጴዛው ሥር በእግሯ ነካችው። እዚሁ ቤት ስንት ጊዜ ሳህኑን ጥርግ አድርጎ ለሁለተኛ ዙር ተነስቷል! አላያትም።

እሙዬ ከሽሮውም ከጎመኑም አድርጋ፣ አሳምራ ጠቀለለችና እጇን ዘረጋች። «በል እንካ፣ በሞቴ።»

አቀረቀረ።

«በሞቴ አልኩህ እኮ!»

«አይሆንም፣ እማማ።»

ጉርሻው አየር ላይ ቆየ። ከጎን ያለው ጠረጴዛ ወሬውን አቆመ። እሙዬ እጇን ቀስ ብላ ወደ ሳህኗ መለሰች።

«ኮከቤ፣ እጄን ተጸየፈው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ኮከብን ያስፈራት የድምፁ ዝቅ ማለት ነው። እናቷ ስትቆጣ ትጮኻለች፤ ድምጿ ሲወርድ ነገሩ አልቋል።

«ተናገር እንጂ!» አለችው።

ጋትዌች የተናገረው ለውኃው ጠርሙስ ነው። «በኛ በኑዌር የሚስት እናት ፊት አይበላም። የሚስት እናት ትልቅ ናት። እሷ እያየች አፍ መክፈት፣ ማኘክ ነውር ነው። እርስዎ ባዳ ቢሆኑ እበላ ነበር።»

ኮከብ ፊቷ ጋለ። ይህን ከጓደኞቹ ሰምታዋለች፤ የገጠር ወግ ብላ ነበር የረሳችው።

«ይሄ ነገር ስም አለው?» አለች እሙዬ።

«ቴክ ይባላል።»

«ማን?»

«ቴክ!» አለ፣ እንድትሰማው ጮክ ብሎ።

አስተናጋጇ አጅዋንግ ከጎናቸው ባዶ ጠርሙስ ትሰበስብ ነበር። የአኙዋ ልጅ ናት፤ የኑዌርኛውን ቃል ከየት ታውቀዋለች? «ቴክ አይቻልም!» አለች ፈጥና። «ቡፌ ቴክ አዌይ የለውም፣ ወንድሜ። እዚህ ብላ፣ ሆድህ እስኪሞላ ብላ። ቤት ግን አይሄድም።»

ኮከብ ሳታስበው ሳቀች። ጋትዌችም አፉን በእጁ ሸፍኖ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እሙዬ አልሳቀችም። ጉርሻውን እያየች ነበር።

«ባዳ ብሆን ይበላ ነበር» አለች ለራሷ። ከዚያ ወደ አጅዋንግ ዞረች። «ንጹሕ ሳህን ስጪኝ፣ እናቴ።»

ሳህኑን ይዛ ወደ ፍስኩ ወገን ሄደች። በረቡዕ ቀን እናቷ የጥብስ ጭልፋ ስትጨብጥ ኮከብ አይታ አታውቅም። ጥብሱን ጨለፈች፣ ከዓሣውም ትልቁን መርጣ አነሳች፣ ሁለት እንጀራ ደረበችና መጥታ ጋትዌች ፊት አስቀመጠችው። ጉርሻዋን ከሁሉም በላይ አኖረች።

ከዚያ ወንበሯን በመደገፊያው ይዛ አነሳችና ወደ መስኮቱ አዞረችው። ጀርባዋን ሰጥታቸው፣ የጾም ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ብላ» አለች፣ ፊቷን በመስኮቱ ወደ ባሮ ወንዝ እንዳደረገች።

ጋትዌች ኮከብን አያት። ኮከብ በአገጯ ወደ ሳህኑ ጠቆመችው።

«ኮከቤ፣ ጎረሰ?»

«ጎረሰ።»

«የቱን?»

«ያንቺን።»

እሙዬ ከምስሩ አንድ ጎረሰች፤ ወንዙ ላይ አንድ ጀልባ በቀስታ ሲሻገር ታያለች። ከኋላዋ ያለው ሰው አሁን እንደ ተራበ ሰው ይበላ ጀመር።

«ካነሰው ይጨምር በይው። እኔ አላይም።»

«በቅቶታል፣ እሙዬ።»

«ሽማግሌዎቹ ደሴ ሲመጡስ እንዲህ ነኝ? በየተራ ስዞርላቸው ልውል?»

ጋትዌች የጎረሰውን ቶሎ ዋጠ። «እነሱ ይበላሉ፣ እማማ። እኔ ብቻ ነኝ።»

«አንተን እንኳ እችልሃለሁ።»

የመጨረሻዋን እንጀራ በሳህኑ ዙሪያ አስኪዶ ጎረሳት፤ የዓሣውን አጥንት በሶፍት ጠቀለለ። ኮከብ ሳህኑን ተቀብላ ከኋላቸው ባለ ባዶ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው፣ የወደቀውን ፍርፋሪም በመዳፏ ጠረገች።

«አሁን ዙሪ፣ እሙዬ» አለች።