ያልተጠራች ኳስ

ሦስተኛዋ ኳስ ከቀኝ መስመር ስትሻገር በረኛው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አዲሱ የመሐል ተከላካይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ አጥቂውን በእጁ ሳይነካ በትከሻው ብቻ ገለል አደረገው፣ ብድግ ብሎም በቴስታ ወደ ሜዳው ጠርዝ ላካት። መሬት ሲረግጥ ዓይኑ ኳሷን አልተከተለም። ያመለጠው ሰው ይኖር እንደሆነ ዙሪያውን ቃኘ።

በረኛው ይህን ልብ አለ። ልብ ማለቱ ግን አላስደሰተውም።

ጠዋት ጓንቱን ሲያጠልቅ አሰልጣኙ አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ አዲሱን ልጅ ያስፈረመው እሱ ራሱ ቢሆንም ቅዳሜ መሰለፍ አለመሰለፉን የሚወስነው በረኛው እንደሆነ ነግሮት ነበር። የሚቆመው ካንተ ፊት ነው፤ ካልተመቸህ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣል ብሎታል። በረኛውም ግማሽ ልምምድ ይበቃኛል ሲል መለሰ። ጉራ አልነበረም። ተከላካይ በመመዘን የሚስተካከለው እንደሌለ ወዳጆቹ ቀርቶ የማይወዱትም ያምናሉ። ሌላው ሰው ተከላካይን ከጎን ወይም ከፊት ያያል፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ ከኋላ ነው ያየው።

ልጁ በመጣ በማግስቱ "ቁም ሳጥን" የሚል ስም ወጥቶለታል። መልበሻ ክፍል ሲገባ በሩ ይጨልማል። ዛሬም የግራ ተከላካዩ፣ ፀሐይ ጋርደህብናልና እስቲ ፈቀቅ በልልን ብሎት ነበር። ልጁ ሳይስቅ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለለት፣ ከዚያም ተመልሶ እዚያው ቆመ።

የበረኛውን ዓይን የሳበው ቁመቱ አይደለም። ረጅም ሰው ሞልቷል። ልጁ አጥቂ ሲመጣበት ዘሎ አይገጥምም፤ ጎኑን ሰጥቶ፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው፣ ቀስ እያለ ወደ መስመሩ ይወስደዋል። ማለያው እስካሁን ሣር አልነካም። ቀድሞ የደረሰ ሰው ለምን ይንሸራተታል? ግራ እግሩ ትንሽ ይሰንፋል፤ እሱም የሚታረም ነው።

እንግዲህ የቀረችው አንዲት ነገር ናት።

ልጁ አሁን የቆመባት ቦታ ላይ ስምንት ዓመት የቆመው የበረኛው እህት ባል ነበር። ባለፈው ዓመት በመኪና አደጋ ሞተ። እሱ እያለ በረኛው ለኳስ ሲወጣ "የኔ!" ብሎ መጮህ አያስፈልገውም ነበር። አማቹ በእግሩ ኮቴ ያውቀዋል። በረኛው ከወጣ ጎንበስ ይላል፣ ከቀረ ይዘላል። ከእሱ ወዲህ የተሞከሩት ሁለት ተከላካዮች ይህን አላወቁም። ሁለቱም ተሰናበቱ።

አራተኛዋ ኳስ ከግራ ተነሳች። ከፍ ያለች፣ የማትቸኩል፣ የለየላት የበረኛ ኳስ ነበረች። በረኛው ወጣ። አፉን ግን አልከፈተም። ልጁ ኳሷን በቴስታ ለመግጨት ተነሳ፣ ጉልበትና ትከሻ ተላተሙ፣ ሁለቱም ተዘረሩ። አጥቂው እየተራመደ ሄዶ ኳሷን ባዶው ጎል ውስጥ ገፋት።

የግራ ተከላካዩ፣ ቁም ሳጥኑ ወድቋልና ልብሳችሁን ሰብስቡ አለ። ሜዳው በሣቅ ሞላ። አሰልጣኙ አልሣቀም።

በረኛው ሣሩን ከክንዱ እያራገፈ ተነሳ። ፍርዱን ጨርሷል። ለአሰልጣኙ የሚላትንም አዘጋጅቷል፤ ጎበዝ ነው፣ ግን አንግባባም።

ልጁ ወደ እሱ ሲመጣ ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ብሎ ጠበቀው። ልጁ ግን ኳሷን ከመረቡ አውጥቶ ሰጠውና ሌሎቹ በማይሰሙት ድምፅ፣

"ጋሼ፣ አልጠሩም" አለው።

"ይታወቃል እኮ።"

"ለማን?"

በረኛው ጓንቱን አጠበቀ። "ካንተ በፊት የነበረው ሳልጠራው ያውቅ ነበር።"

"ሰምቻለሁ። እኔ አላውቅም። እሱም የመጣ ዕለት የሚያውቅ አይመስለኝም። ከጠሩኝ ግን ዞሬ አላይም። ጎንበስ ነው የምለው።"

በረኛው ከአማቹ ጋር የተጫወተበት የመጀመሪያው ዓመት ድንገት ትዝ አለው። ያኔ ከመጮህ ብዛት ከጨዋታ በኋላ ጉሮሮው ይዘጋ ነበር። እህቱ ምሳ እያቀረበች፣ ወንድሜ ዲዳ ሆኖ ይመጣል፣ ባሌ ደንቆሮ ሆኖ ይመጣል፣ እኔ ከማን ጋር ላውራ እያለች ትሥቅባቸው ነበር። ይህ ሁሉ እንዴት ጠፋው? ለካ ስምንቱን ዓመት ሲያስታውስ የኖረው ከመጨረሻው ጀምሮ ነው።

አሰልጣኙ ከመስመሩ ውጭ ሆኖ በእጁ እህስ አለው። በረኛው አንድ ጣቱን አነሳ። አንድ ኳስ ይጨመር።

ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። "ሜዳ ላይ አንቱታ ጊዜ ይፈጃል" አለው። "አንተ በለኝ።"

ኳሷ ከቀኝ ተነሳች። ከፊተኛዋ የባሰች ነበረች፤ ነፋስ እየገፋት በሁለቱ መካከል ልትወርድ ሆነ። አጥቂው ሮጠ። በረኛው ወጣ።

"የኔ!"

ድምፁ ሻክሮ ወጣ፤ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ከፊቱ ያ ሁሉ ቁመት እጥፍ አለ። አንገቱን እንኳ አላዞረም። በረኛው ከሰፊው ጀርባ በላይ ዘሎ ኳሷን በሁለት እጁ ያዛት፣ ደረቱ ላይ አቀፋትና አረፈ።

ቀና ሲል ልጁ ጀርባውን እንደሰጠው ወደ ፊት እየሮጠ፣ ኳሷ ወዴት እንድትመጣለት እንደሚፈልግ በተዘረጋ እጁ ያሳይ ነበር።