ሰማያዊው በር

ቅዳሴ ልሂድ ብላ ከቤት የወጣችው ሴት መንገዷን ቀይራ ወንዙን ተሻገረችና የጋሽ ደምሰውን በር በቡጢ ደብድባ በርግዳው ገባች። ሽማግሌው አሮጌ የሩቅ ማያ መነጽር ይሰበስባል። አንዱን አንስቶ ከመስኮቱ ወደ እሷ ግቢ እንደሚያነጣጥር ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

“አንተ ሽማግሌ፣ ሽበትህን አታፍርም? አልጋ ላይ የቀረ ባሌን ደጅ አውጥቼ ገላውን ሳጥበው ቁጭ ብለህ ታያለህ?”

“እኔ የማየው በርሽን ነው” አላት ከወንበሩ ሳይነሳ። “የቤት ቁጥሩን አጥርቶ ያሳየኝ መነጽር ዋጋ አለው፤ ያላሳየኝ ቆርቆሮ ነው። ሌላ ምን ጉዳይ አለኝ ካንቺ ጋር?”

“ውሸታም! ስንት ዓመት በጀርባዬ አዝዬ ጸበል ያመላለስኩት ሰው ነው መሳቂያህ?”

ጋሽ ደምሰው አንገቱን ደፋ። እሷ ግን መስኮቱ ላይ የተቀመጠውን መነጽር አፈፍ አደረገችው። ያን ጊዜ ዘሎ ተነሥቶ እጇን ያዘ።

“ተይው! ማየት ካማረሽ ሌላ ቀን ነይ። አሁን በቅዳሴ ሰዓት አይሆንም!”

“ዛሬ ገና ጸሎተኛ ሆንክ?” ብላ መነጨቀችው።

ዓይኗ ላይ ደግና የመነጽሩን ማጥሪያ ቀለበት አዞረችው። መጀመሪያ ጭጋግ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ሰማያዊው በሯ ከነቁጥሩ ጥርት ብሎ መጣ። ትንሽ ወደ ግራ አለች።

ባሏ ግቢው ውስጥ ካለው የኮክ ዛፍ ሥር ቆሞ፣ በእግሮቹ ጣቶች ተንጠራርቶ ፍሬ ይለቅማል። የላይኛዋ አልደረስ ስትለው ዘለለ።