የጁፒተር ሰፌድ

ቤታቸውን የሚፈትሸው ታጣቂ ፎቶውን ከመምህርቷ ደብተሮች መሐል መዝዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ለፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ብላ ወልድያ ሄዳ ያሳተመችው የጁፒተር ፎቶ ነበር፤ የጠፈር ቴሌስኮፕ የዚያን ግዙፍ ፕላኔት ወጀቦች ያነሳበት። ትናንት ታጣቂዎቹ የነመምህርቷ ጎረቤት ስልክ ውስጥ ከአየር ላይ የተነሳ የሐራ ባቡር ሐዲድ ፎቶ አግኝተው ሰውየውን "ሰላይ" ብለው ወስደውታል። እስካሁን አልተመለሰም።

"ይሄ የት ነው? ከላይ ነው የተነሳው" አላት።

እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። "ከጠፈር" ብትል በሳተላይት የምትሰልል እንደምትመስለው ስታስብ ግን መልሳ ዘጋችው።

"የኔ ሰፌድ ነው፣ ልጄ" አሉ እናቷ ከመደቡ ላይ ሆነው። "መርሳ ገበያ ወስጄ ሳልሸጠው እሷ አነሳችልኝ።"

ታጣቂው ፎቶውን ዐይኑ ሥር አስጠጋው። ቡናማው፣ ነጩና ቢጫው መስመር እውነትም ቀለም የተነከረ የስፌት አክርማ ይመስላል። ጣቱ ግን ወደ ታች ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ምድርን ሊውጥ በሚችለው ቀይ ወጀብ ላይ።

"እናቴም ትሰፋለች፣ እማማ" አለ ቀስ ብሎ። "እንዲህ የተበላሸ ስፌት ፈትታ ትመልሰዋለች እንጂ አትተወውም። እርስዎ ለምን ተዉት?"



"እዚያ ላይ ስደርስ ተኩሱ ተጀመረ" አሉ እናቷ። "እጄ አልታዘዝ አለኝ።"

ታጣቂው ጣቱን አነሳ። ፎቶውን ገልብጦ ደብተሮቹ ላይ አኖረውና፣ መሣሪያው በሩን እንዳይነካ ተጠንቅቆ ወጣ።