የተስፋነህ መኪና ድምፅ

ይሻው ከልጁ ከተስፋነህ ጋር የተኳረፈው በሌላ በምንም አይደለም፤ በአንድ የአየር ቱቦ ነው።

ቱቦውን ልጁ ከባሕር ዳር አመጣው። የመኪናውን የፋብሪካ ማጣሪያ አስነቅሎ፣ ለሞተሩ ቀዝቃዛ አየር ይስባል የተባለውን ወፍራም ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ፊልትሮ ያለውን፣ አስገጠመ። ቀዝቃዛ አየር ያገኘ ሞተር ጉልበት ይጨምራል ባይ ነው። ይሻው ደግሞ ዕድሜውን በሹፌርነት የጨረሰ ሰው ነውና አልዋጥ አለው። የጨመርከው ጩኸት ነው፣ ዳገቱን የምትወጣው እንደ ድሮህ ነው አለው። ልጁ ሳቀበት። አባት የልጅ ሳቅ መቼ ይወዳል! ቃል ተወራወሩና ተዘጋጉ።

እናቲቱ ታንጉት ለማንም አልፈረደችም። እሷ ስለ ጉልበቱ ምን ገዷት፤ ልጇ ከታች ከጋፋት ሰፈር በኩል ዳገቱን ሲጀምር አልጋዋ ላይ ሆና ትሰማዋለች። «መጣ» ትላለች፤ ራት ይቀርባል።

ኩርፊያው ሳይፈታ ተስፋነህ ሐሙሲት አጠገብ ተገልብጦ ሞተ።

ታንጉት የልብ በሽተኛ ናት። ድንገተኛ ድንጋጤ ሊገድላት ይችላል ብሎ ሐኪሙ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ዘመድ ተሰብስቦ መከረና፣ መርዶው ፋሲካ እስኪያልፍ ይቆይ፣ እስከዚያ ትንሽ ትጠንክር ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ አፉን ያዘ። ቀብሩ እዚያው ሐሙሲት፣ በይሻው ወላጆች ደብር ተፈጸመ። ይሻው የሩቅ ዘመድ ሞቶብኝ ነው ብሏት ሄደ። አንድ ልጁን አፈር አልብሶ ሲመለስ፣ ደጅ ላይ ፊቱን ታጥቦ ገባ። ወይ አበሳ! ቤቱ ውስጥ ማልቀስ እንኳ የማይችል አባት ሆነ።

ታንጉት ልጄ የታለ አለች። ሥራ በዝቶበት ነው፣ ስልኩም ተበላሽቷል አላት። ቢበዛበትስ ለምን ብቅ አይልም አለች። ይሻው መላ ሲያጣ ጥፋቱን ራሱ ላይ አላከከው፤ እኔን አኩርፎ ነው፣ እኔ ያለሁበት ቤት አልገባም ብሎ ነው አላት።

«እኔስ ምን አደረግሁት?» አለች ታንጉት። ምግብ መቅመስ ተወች። ይሻው መርዶውን ሳትሰማ በናፍቆት ልትሞትብኝ ነው ብሎ ፈራ።

በማግስቱ አሮጌ ፒክአፑን እየነዳ ባዩ ጋራዥ ሄደ። የተስፋነህን ቱቦ የገጠመው ባዩ ነው። ይሻው ያንኑ ዓይነት ለእኔም ግጠምልኝ አለው።

ባዩ ኮፈኑን ከፍቶ ራሱን ነቀነቀ። እርስዎ ራስዎ ያሉት ልክ ነው አለው፤ ይሄ ነገር እዚህ ግባ የሚባል ጉልበት አይጨምርም፣ ጭራሽ በሞተሩ ዙሪያ የጋለውን አየር እየሳበ ዳገት ላይ ሊያደክማት ይችላል። የአባትና የልጁ መኪና ሞተር አንድ ዓይነት ስለሆነ ድምፁ ግን ቁርጥ የዚያኛው ይሆናል አለ።

«ድምፁን ነው የፈለግሁት» አለ ይሻው።

ባዩ ገባው። ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም፤ መፍቻውን አንስቶ ሞተሩ ላይ አቀረቀረ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ይሻው ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ዳገቱን ከታች ጀመረው። ፒክአፑ እያገሳ ወጣ፤ ባዩ እንዳለውም ደከመ። ቤቱ ጋ ሲደርስ እንደ ልጁ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፍቶ ሳይቆም አለፈ። ሞተሩ እየጮኸ ስለሆነ ማንም አይሰማኝም ብሎ መሪው ላይ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። መኪናውን ዘመድ ቤት አቁሞ በእግሩ ተመለሰ።

ታንጉት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

«ሰማሽው?» አላት።

«ሰማሁት።»

ከዚያ ወዲያ ልጄ የታለ ብላ አልጠየቀችም። ይሻው ፈጣሪውን አመሰገነ፤ ቱቦው ለሞተሩ ያልሰጠውን ጉልበት ለሚስቱ ሰጣት። ማታ ማታ በዳገቱ እያገሳ ያልፋል፤ እሷም ቀን ቀን ቀና ማለት ጀመረች። ጠጉሯን መቀባት ተወች፣ ሁዳዴ ነው ብላ ጥቁር ቀሚሷን አስወጣች። ለልጇ የሚቀመጠውን ራት ይሻው እንዲበላው ታዝዛለች። አንዳንዴም፣ የማታው ብርድ ክፉ ነው፣ ስትነዳ ጋቢ ደርብ በለው ትላለች። ይሻው እሺ እነግረዋለሁ ይላል። ጓዳ ገብቶ አፉን በእጁ ያፍናል።

ፋሲካ አለፈ። ቀኑ ተቆረጠና ጎህ ሲቀድ የንስሐ አባቷ አባ ሙላቴ ከሽማግሌዎች ጋር መጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጅ ቆሙ። ይሻው አንድ ልጁን ከቀበረ በኋላ ሚስቱንም ዛሬ ሊቀብር መሰለው፤ ከሰው ሁሉ ኋላ ሆኖ ገባ።

ታንጉት ጥቁሯን ለብሳ፣ ወገቧን ታጥቃ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አባ ሙላቴ የጻድቁን የኢዮብን ነገር አነሱ።

«አባቴ፣ ይቆዩኝ» አለቻቸው። «መጀመሪያ ይሻውን አስቀምጡልኝ። ግራና ቀኝ ያዙልኝ።»

ሰዎቹ ግራ ገብቷቸው ያዙት። ታንጉት ጎንበስ ብላ ከአልጋዋ ሥር በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር ሳበችና ባሏ ጉልበት ላይ ፈታችው። ወፍራም ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ ቀይ ፊልትሮ አለው።

«የሄደ ዕለት ጠዋት ራሱ ከመኪናው ፈቶ ሰጠኝ፤ ‹ጩኸት ብቻ ነው እማ፣ አባቴ ልክ ነበር፣ ማታ ስመለስ እግሩ ላይ ወድቄ እታረቀዋለሁ› ብሎኝ ነው የሄደው» አለችው።