ለእንግዳ የተሰጠ እሺ

«ነጋዴዎቹ ዕቅዱን በደስታ ተቀብለውታል» ብላ ከሪፖርቷ ታነባለች ሺቮን፣ የወረዳው ምክር ቤት የፕላን ሠራተኛ። «በተለይ ልብስ ሰፊዋ ሚስስ ሙሉነሽ ሙሉ ድጋፋቸውን ሰጥተዋል።»

ሚስስ ሙሉነሽ እኔ ነኝ። ከስብሰባ አዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ የገዛ ሱቄ እንዲፈርስ መደገፌን እየሰማሁ ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ ኪዲ ዞር ብላ ታየኛለች።

«እማዬ፣ ምን ብለሻት ነው?»

«እሺ ነዋ።»

«በት ዋይ?»

ለንደን ተወልዳ ላደገች ልጅ ይሄ እንዴት ይነገራል? ሺቮን ሱቄ የመጣችው በምሳ ሰዓት ነው። ሳህኔ ከፊቴ ነበር፤ እንብላ አልኳት። አየርላንዳዊት ስለሆነች ነው መሰለኝ እንደ እንግሊዞቹ አልተግደረደረችም፤ እጇን ታጥባ ቀረበች። አጎረስኳት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ ደገምኳት። አፏን ጠረገችና አንድ ትልቅ ሥዕል የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው የኛ የሱቆች መደዳ ሥዕሉ ላይ የለም። በቦታው የመስተዋት ፎቅና ዛፍ የተተከለበት አደባባይ ተሥሏል። «የሰፈሩን እምብርት ልናድስ ነው» አለችኝ። የኔ ሱቅ ያለበት ቦታ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ውሻ ይዛ ቆማለች።

«ምን ይመስልዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ።

እንግዲህ ቤቴ የመጣ፣ ከእጄ የጎረሰ ሰው፣ የደከመበትን ዘርግቶ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? እሺ፣ ጥሩ ነው፣ እግዜር ያውቃል አልኳት። ይህን የሰማ ያገሬ ሰው ሁሉ እምቢ ማለቴ እንደሆነ ይገባው ነበር። እሷ ግን አመስግናኝ ወደ ጎረቤቴ ወደ ዳኛቸው ፀጉር ቤት አለፈች። እሱም ሻይ አጠጥቶ እሺ ብሎ ሸኛት።

«ይሉኝታ ነው» እላታለሁ ኪዲን።

«ይሉኝታሽ እኮ ሱቅሽን ሊያስፈርስብሽ ነው። ተነሺና ኖ በያቸው። ጀስት ኖ።»

ጀስት ኖ። ምን አለባት። በቤታችን እምቢ ማለት የአባቷ ሥራ ነበር። ባሌ ባዩ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ እምቢ ብሎ ነው ከአገር የወጣነው። እሱ እምቢ ሲል እኔ እሺ እያልኩ ጎጆ አቆማለሁ፤ እንደዚያ ነበር የተካፈልነው። እሱ ሲሞት ልጄን ያሳደገልኝ ያ ሱቅ ነው። ለንደን ውስጥ ከአርችዌይ እስከ ክሮይደን ያለ ሐበሻ ሱሪው ሲረዝመው፣ ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ፣ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ሪፖርቱ «ሌላ ቦታ በጊዜው ይፈለግላቸዋል» ይላል። በጊዜው የሚሉት ጊዜ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ደርሶ አይቼው አላውቅም።

መላጣው ሊቀመንበር ስሜን ይጠራል። ኪዲ ናት ሳትነግረኝ ተናጋሪ አድርጋ ያስመዘገበችኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ማይክሮፎኑ እሄዳለሁ። ሺቮን እንዳየችኝ እንደ ዘመድ ፈገግ ትላለች። ይኼኔ ነው ሆዴ የሚባባው። ክፉ ብትሆን ኖሮ እንዴት ቀላል ነበር።

«ሺቮን፣ ቤቴ መጥተሽ በልተሻል» እላለሁ በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ። «ደስ ብሎኛል። ነገም ብትመጪ ትበያለሽ። ግን ያን ቀን እሺ ያልኩት እንግዳዬን ነው። ፎቁን አይደለም። ለፎቁ መልሴ እምቢ ነው።»

ፈገግታዋ ይጠፋል፤ እስከ ጆሮዋ ትቀላለች። አዝንላታለሁ፤ ቃሌን ግን አልመልስም። እምቢ የምትባለዋ ቃል አፌ ውስጥ አዲስ ናት፤ ልድገማት ብዬ ነው መሰለኝ፣ «ዳኛቸውም እምቢ ብሏል» እላለሁ። «እሱ ደግሞ እሺ ያላት ሻይ እያጠጣት ስለነበረ ነው።»

«ትክክል» ይላል ዳኛቸው ከኋላ በአማርኛ።

«እናመሰግናለን፣ ሚስስ ሙሉነሽ» ይላል ሊቀመንበሩ። «ሐሳብዎ ተይዟል። አሁን ወደ ድምፅ መስጠቱ እናልፋለን፤ መቀመጥ ይችላሉ።»

«አልቀመጥም።»

«ይቅርታ?»

«የኔን እሺ ሱቄ ድረስ መጥታችሁ ወሰዳችሁ። የናንተን ደግሞ እኔ እዚሁ ቆሜ አያለሁ። ሱቄን የምታፈርሱ ከሆነ፣ ፊቴን እያያችሁ እጃችሁን አንሡ።»

ሊቀመንበሩ ከጎኑ ካለችው የሕግ ሠራተኛ ጋር ይንሾካሾካል። ቆሞ ማየትን የሚከለክል ደንብ አላገኙም መሰለኝ፣ ሴትዮዋ ትከሻዋን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ኪዲ «ጎ ኦን፣ እማዬ» ስትል ይሰማኛል።

«ዕቅዱን የሚደግፉ?»

የምክር ቤት አባላቱ በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። ከጥጉ ጀምሬ በየተራ አያቸዋለሁ። አንዷ ወረቀቷን ታገላብጣለች። አንዱ ውኃ ይቀዳል። ዓይኔን አልሰብርም።

መሀል የተቀመጠው ባለክራባት ሰውዬ እጁን ያነሣል። ጆሮው ጋ ሲደርስ ዓይኑ ከዓይኔ ይገጥማል። እጁ እዚያው ቀጥ ይላል። ጥቂት ይቆይና፣ ቀስ ብሎ ጆሮውን ማከክ ይጀምራል።